ውሃ የጠጣው ባትሪ

ገዳዩ ይዞ የሄደው ነገር አልነበረም። የሟቹ ሰዓት እጁ ላይ፣ ስልኩም ኪሱ ውስጥ ነበር። ጥቁሯ የጀርመን መኪና ቁልፏ በውስጧ እንዳለ ከአስፋልቱ ዳር ቆማለች። የተነካው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በኋላው የዕቃ መጫኛ ወለል ሥር የሚቀመጠው ባትሪ። የወለሉ ክዳን ተነሥቷል፣ አንደኛው ገመድ ተፈትቷል። አጠገቡ እጀታው በቀይ ፕላስተር የተጠቀለለ ትንሽ የብሎን መፍቻ፣ የአሥር ቁልፍ፣ ወድቋል።

ሉጥፊ ከመኪናው ኋላ፣ ከቦዩ ውስጥ በደረቱ ተኝቷል። ከኋላ ራሱን በከባድ ብረት ተመትቷል። በሱዳኗ ገዳሪፍ ሃያ ዓመት ሰሊጥ የነገደ የጎንደር ሰው ስለነበር፣ ፊቱ ሳይገለጥ ገና በጫማው ያወቁት ነበሩ።

ነቂብ ኢሀብ ከጂፑ ወርዶ ዙሪያውን አንዴ ዞረ። በማዕረጉ ሻምበል የሆነ የገዳሪፍ ወንጀል ምርመራ መኮንን ነው፤ አባቱ ሱዳናዊ፣ እናቱ የመተማ ሴት። አማርኛውን ከእናቱ ስለወሰደ የሐበሻ ጉዳይ ሲመጣ ሁልጊዜ ወደ እሱ ይመራል። እንደ ልማዱ ከምንም በፊት ማስታወሻውን አወጣ፤ ከጂፑ ባትሪ ለጊዜው መብራት አስቀጥሎ የመኪናዋን የኪሎ ሜትር ቁጥር ጻፈ፤ 84,425። ቀኑን ጻፈ፤ ሰኞ፣ ኅዳር መባቻ፣ በሐበሻ ሁለት ሺህ ሰባት። ከከተማው ያለውን ርቀትም ጻፈ፤ ወደ ዶካ በሚወስደው መንገድ ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር።

"ጀናቡ፣ ይህን ቁልፍ አውቀዋለሁ" አለ አብሮት የመጣው ወታደር። "ሰናዒያ፣ ጋራዦቹ ሰፈር ያለው የሐበሻው መካኒክ የአንዳርጌ ነው። እንዳይሰረቅበት ዕቃውን ሁሉ በቀይ ፕላስተር ይጠቀልላል።"

"እንዳይሰረቅ ያደረገው ነገር ዛሬ አልጠቀመውም" አለ ኢሀብ።

ሐኪሙ ሬሳውን አይቶ፣ ሰውዬው የሞተው እሑድ ከቀትር በኋላ እስከ ምሽት ባለው ጊዜ ነው አለ። እስከ ሰኞ ቀትር አንዳርጌ ታስሯል።

*

"ከሉጥፊ ጋር ተጣልተህ ነበር" አለ ኢሀብ።

"ሰናዒያ ያለ ሰው ሁሉ ሰምቷል" አለ አንዳርጌ። ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ጥፍሮቹ ሥር ጥቁር ቅባት የማይጠፋ፣ የአዘዞ ልጅ ነው። "ከወር በፊት ነው። መኪናዬን ገደልካት አለኝ፤ በሰው ፊት።"

"አንተስ ምን አልከው?"

"አሳይሃለሁ።"

"ምኑን?"

"ሥራዬን።"

ኢሀብ ብዕሩን አስቀመጠ። "አስረዳኝ።"

"ክረምት መግቢያ ላይ ባትሪዋን ቀየርኩ። እንደ ማንኛውም መኪና አሮጌውን አወጣሁ፣ አዲሱን አስገባሁ። በሦስት ወር ሞተ። እሱ ባይሰድበኝ ይሻል ነበር እንጂ እውነቱን ነው። ይህቺ መኪና በውስጧ ኮምፒዩተር አላት። አዲስ ባትሪ ሲገባላት ካልነገርካት አሮጌው ያለ ይመስላታል። ለሽማግሌ ነው ብላ ከመጠን በላይ ታጎርሰዋለች፤ ጎረምሳው ጠግቦ ይሞታል።"

"እንዴት ነው የሚነገራት?"

"በኮምፒዩተር ትመዘግበዋለህ፤ ዓይነቱን፣ ጉልበቱን፣ ቀኑን። ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ከስድቡ በኋላ ካርቱም ወርጄ ተማርኩ። ላፕቶፑንና ገመዱን ይዤ መጣሁ። ባለፈው ረቡዕ በራሴ ወጪ ሌላ ባትሪ አስገባሁለት፣ እሱም ቆሞ እያየ መዘገብኩት። እጄን ጨብጦኝ ሄደ።"

"ሲጨብጥህ ያየ ሰው አለ?"

አንዳርጌ ፈገግ ሊል ሞከረ። "ለፀብ ሁሉም ይሰበሰባል፣ ጀናቡ። ለዕርቅ ማን ይመጣል?"

"ቁልፍህስ?"

"ረቡዕ ዕለት እዚያው መኪናዋ ውስጥ ረሳሁት። ሐሙስ ከጎረቤቴ ተዋስኩ፤ ጠይቀው።"

ጎረቤቱ ተጠየቀ፤ እውነት ነው፣ ሐሙስ ጠዋት የአሥር ቁልፍ አበድሮታል። ለኢሀብ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ለአለቃው ግን ኢምንት ሆነ።

"ዛቻ አለ፣ ቁልፍ አለ፣ መካኒኩን እሑድ ማታ ከሚስቱ በቀር ያየው ሰው የለም" አሉ አለቃው። "ሐሙስ ቀትር ላይ ፋይሉን ለዐቃቤ ሕግ አስተላልፋለሁ። እስከዚያ ሌላ ሰው ካለህ አምጣልኝ።"

ፋይሉ ከዚህ ቢሮ ከወጣ በኋላ የሚመለስበት መንገድ እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። የመጨረሻው ስቅላት ነው።

በር ላይ የአንዳርጌ ሚስት ኮከብ ምሳ በሰሃን ይዛ ቆማለች።

"እታለም፣ ለዘበኛው ስጭው፤ ይደርሰዋል" አላት ኢሀብ።

"ከእጄ ሲቀበል ካላየሁ አልሄድም፣ ጀናቡ።"

"ደንብ አይፈቅድም።"

"እንግዲያው ደንቡና እኔ እዚሁ እንውላለን።"

አስገቧት።

*

ማክሰኞ ጠዋት ኢሀብ የመኪናዋን ባትሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በዝግታ መረመረው። ከላይ የተለጠፈው ወረቀት በአንድ ጥግ ተላቆ እንደገና ተጭኗል። ጥፍሩን አስገብቶ ገለጠው። ከሥሩ ስድስት ቀዳዳዎች በአንድ መስመር ተበስተዋል። እያንዳንዱ ነጭና ቀላል በሆነ እንጨት መሳይ ነገር ተወትፏል። የስድስተኛው ውታፍ መሀሉ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ የቀጠነች ሌላ ቀዳዳ አለችው።

አንዳርጌን አስጠራው።

"ይህ ከፋብሪካው የመጣ ነው?"

አንዳርጌ ጎንበስ ብሎ አየ። ከታሰረ ጀምሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም ነበር፤ አሁን ጮኸ።

"ማነው እንዲህ ያደረገው? ማነው የበሳው?"

"አንተ አይደለህም?"

"እኔ! ይህ እኮ የታሸገ ባትሪ ነው! አሲዱ ውስጡ እንደ ጥጥ ባለ ነገር ተመጥጦ ነው ያለው። ውሃ አይጨመርበትም፤ አይከፈትም። ውሃ ካጠጣኸው ሞተ ማለት ነው።" አንዱን ውታፍ በጥፍሩ ነካ። "የማሽላ አገዳ ልብ ነው፣ ሰም ተነክሮ። የመዘገብኩትን ባትሪ! አንድ ሳምንት እንኳ ያልሞላውን!"

ኢሀብ ተመለከተው። ስቅላት የሚጠብቀው ሰው በባትሪ ነው የሚንገበገበው። ይህ ማስረጃ አይደለም፤ ፍርድ ቤት አይቀርብም። ሆኖም ከዚያች ደቂቃ በኋላ አንዳርጌን አልጠረጠረውም።

"ባትሪውን ከማን ገዛኸው?"

"ከከማሉ።"

"አዲስ ነው ብሎ ያረጀውን እየበሳና እያጠጣ ሸጦልህ ቢሆንስ?"

አንዳርጌ አሰበ። "ረቡዕ ሳስገባው በእጄ ጠርጌዋለሁ። ቀዳዳ አልነበረውም ብዬ እምላለሁ። ግን የእስረኛ መሐላ ምን ይረባል?"

*

ከማሉ ሱቁ በር ላይ በአሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ያገኘውን ሁሉ ይጣራል። የወሎ ሰው ነው፤ መለዋወጫ ይሸጣል፤ ዝምታን እንደ ኪሳራ ያያል።

"አህለን ጀናቡ! ለመንግሥት መኪና ነው ወይስ ለራስህ? ለራስህ ከሆነ እቀንሳለሁ፤ ለመንግሥት ከሆነ እጨምራለሁ።"

"ሉጥፊ ሐሰተኛ ባትሪ ትሸጣለህ እያለ ሊከስህ ነበር አሉ።"

"ያ ዞል፣ አንተ ሰው! ሉጥፊ፣ አላህ ይማረውና፣ ሁሉንም ሰው ይከሳል። ዝናቡን ሳይቀር ከሷል፤ ዘገየ ብሎ።" ከማሉ ፊቱ ከበድ አለ። "ይከስ ነበር እንጂ ክፉ ሰው አልነበረም። ልጄ ሲታመም ካርቱም ያደረሰው በዚያች መኪና ነው።"

"እሑድ የት ነበርክ?"

"ጋላባት፣ ጉምሩክ ግቢ። ዕቃዬ እዚያ ሦስት ቀን ተይዞ። የጉምሩኩን ማኅተም ከነሰዓቱ ላሳይህ?" አሳየው። ሰኞ ጠዋት የታተመ ነው፤ ወረቀቱን በስልክ ያረጋገጡት የጉምሩክ ሹም፣ ከማሉ እሑድ ከቀትር ጀምሮ እንዴት እንዳሰለቻቸው ሳይጠየቁ ጨመሩ።

ኢሀብ ከመደርደሪያው ተመሳሳዩን ባትሪ አወረደ። ወረቀቱን ገለጠ። ለስላሳ ነው፤ አንድም ቀዳዳ የለውም።

"ኧረ ጀናቡ፣ ያን ከገለጥክ በኋላ ማን ይገዛኛል?"

"የተበሳ አይተህ ታውቃለህ? በማሽላ አገዳ የተወተፈ?"

ከማሉ ሳቀ። "የገጠር ሰው ሥራ ነዋ። የትራክተር ባትሪ ሲደክም ውሃ ያጠጡታል፤ ክዳን ሲጠፋ አገዳ ይወትፋሉ። የዛሬውን የታሸገ ባትሪ ግን የሚበሳ ካለ እሱ ሰው አይደለም፤ ትራክተር ነው።"

*

የሉጥፊ ሚስት ሳና ኢሀብን በረንዳው ላይ ተቀበለችው። የሉጥፊ አክስት ባሕሪያ ከጎኗ ተቀምጠዋል። ሳና የባሏን ልብሶች አንድ በአንድ እያጠፈች ነበር። እጇ ሳያቋርጥ መለሰች።

"ረቡዕ ጠዋት ወጣ። መጀመሪያ ጋራዥ፣ ከጋራዡ ቀጥታ ወደ ጋላባት እሄዳለሁ አለኝ። እስከ ሰኞ አልመለስም አለ።"

"ደውሎልሽ ያውቃል?"

"አልደወለም። ወጥቶ ሳይደውል ሲቀር የመጀመሪያው አልነበረም።"

"የያዘው ነገር ምን ነበር?"

"ብርድ ልብስ።" አንዱን እጀ ጠባብ አጥፋ ከሌሎቹ ላይ ደረበችው። "ጋላባት ሲሄድ ብርድ ልብስ አይዝም። እዚያ የሚያድርበት ቤት አለው።"

ኢሀብ ቀና አለ። ከመኪናዋ ውስጥ ብርድ ልብስ አልተገኘም።

"ታዲያ የት የሄደ መሰለሽ?"

"ለእኔ ጋላባት አለኝ፣ ጌታዬ። ብርድ ልብሱ ግን ሌላ ነው ያለኝ።"

"የት እንደሆነ ለምን ይደብቅሻል?"

ባሕሪያ ጣልቃ ገቡ። "ከእሷ አልደበቀም፤ በስልክ ወሬ ከሚያቀብለው ሰው ነው የደበቀው። እዚህ ቤት የተወራ ነገር ማታውን ድንበር ላይ ይሰማል።"

ሳና ሸሚዙን አጠፈች፤ ከዚያ ፈታችውና እንደገና አጠፈችው። ኢሀብ ሌላ አልጠየቀም። ሲነሣ ግን እሷ ጠየቀችው።

"ያ የታሰረው መካኒክ፣ እሱ ነው ትላለህ?"

"አይመስለኝም።"

"ለእኔም አይመስለኝም። ሉጥፊ የሰደበውን ሰው መልሶ መጎብኘት ይወድ ነበር፤ ካልታረቀ እንቅልፍ አይወስደውም። በስህተት የተያዘ ሰው በእሱ ስም እንዲሰቀል አልፈልግም።"

*

የዚያን ዕለት አመሻሽ መኪናዋ በፖሊስ ግቢ ቆማ፣ አንዳርጌ በአንድ እጁ ካቴና እንዳለ ላፕቶፑን ከመሪው ሥር አገናኘ። ለጊዜው ከጂፑ ባትሪ መብራት ተቀጠለላት።

"የመዘገብክበት ቀን ይገኛል?" አለ ኢሀብ።

"ቀኑም ኪሎ ሜትሩም።"

"በአንተ ኮምፒዩተር ውስጥ ከሆነ የጻፍከው አይጠቅመኝም።"

"በእኔ ኮምፒዩተር ውስጥ አይደለም፤ መኪናዋ ውስጥ ነው። ይህ መስኮት ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። ገመዱን ብነቅለውም ቁጥሩ እዚያው ይኖራል። ራስህ አንብበው።"

ኢሀብ ራሱ አነበበው። የመጨረሻው ባትሪ የተመዘገበው ባለፈው ረቡዕ ነው፤ በ84,210።

ማስታወሻውን አወጣ። ሰኞ ጠዋት የጻፈው 84,425 ነው። ሁለት መቶ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ልዩነት።

ጂፑ ኮፈን ላይ ወረቀት ዘርግቶ አሰላ። መኪናዋ የተገኘችው ከጋራዡ ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ሲቀራት ነው። ያንን ብትጨርስ ኖሮ ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት ይሞላ ነበር። የሄደችበትን መንገድ ከተመለሰች፣ ግማሹ መቶ አሥራ ስምንት ነው።

"ጋላባት ደርሳ ብትመለስ?" አለ ለራሱ።

"ከዚህ በጣም ይበልጣል" አለ አንዳርጌ። "ዶካ ብቻ ደርሳ ብትመለስ ደግሞ በጣም ያንሳል።"

"መቶ አሥራ ስምንት ላይ ምን አለ?"

አንዳርጌ ትከሻውን ነቀነቀ። "ማሽላና ሰሊጥ ነው እንጂ። የራሱ የሉጥፊ እርሻም በቁረይሻ በኩል ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።"

ኢሀብ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ከማሉ ሱቅ ተመለሰ። ከማሉ በሩን ሊዘጋ ነበር።

"የታሸገ ባትሪ ፈልጌ ነው። የሞተ።"

"የሞተ? ምን ያደርግልሃል፣ ጀናቡ?"

"መንገድ ላይ እንዲሞትብኝ ነው።"

ከማሉ የመዝጊያውን ቁልፍ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ከወለሉ ላይ አንዱን በእግሩ ገፋለት። "ውሰደው። ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ የሞተ ባትሪ መሆኑን ነግሬ የሰጠሁት አንተ የመጀመሪያው ነህ።"

*

ረቡዕ ጠዋት ኢሀብ ፒክአፑን ከአንዳርጌ ጋራዥ በር አስነሣ፤ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን ዜሮ አደረገ። ከኋላ በጆንያ የተጠቀለለ ዕቃ ጭኗል፤ አንድ ወታደር አብሮት አለ። ከአስፋልቱ ወጥተው ወደ ቁረይሻ በሚወስደው ጥቁር አፈር መንገድ ገቡ። ግራና ቀኝ ታጭዶ የተከመረ ሰሊጥ፣ ባዶ የሠራተኛ ጎጆዎች። መቁጠሪያው መቶ አሥራ ስምንት ሲል ፊት ለፊታቸው አውድማ ነበር። አውድማው አጠገብ ሁለት ትራክተሮች ቆመዋል። የሉጥፊ እርሻ ነው።

ወኪሉ ቱርካ እጁን ዘርግቶ መጣ። ሃምሳ ዓመት የዘለለው፣ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ፀሐይ ያጠቆረው ሰው ነው።

"የሰማነው ትናንት ነው፣ ጀናቡ። እህል አልበላሁም። ያ መካኒክ ተይዟል አሉ፤ እሰይ!"

"ሉጥፊ እዚህ መጨረሻ የመጣው መቼ ነው?"

"ዘንድሮ? ሰሊጡ ሳይታጨድ አንዴ። ከዚያ ወዲህ ወላሂ አልረገጣትም። እኔ እያለሁ ምን ያደርጋል?"

"ሠራተኞቹ የት አሉ?"

"ዓርብ አሰናበትኳቸው። መተማን ተሻግረው ይሆናል፤ አሁን አገራቸው ገብተዋል።"

የቀረችው የወጥ ቤቷ ሴት ትርፌ ብቻ ነበረች። እሳት ላይ ውሃ ጥዳ ቆማለች።

"እታለም፣ አንቺስ ጌታሽን በዚህ ሳምንት አላየሽውም?"

ትርፌ ቱርካን አየች፤ ከዚያ እጆቿን አየች። "እኔ ወጥ ቤት ነኝ፣ ጌታዬ።"

"ነገርኩህ እኮ" አለ ቱርካ።

ኢሀብ አመሰገነ፤ ተሰናበተ፤ ፒክአፑ ውስጥ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ቀደም ብሎ ከመንገድ ዳር ቆመው ወታደሩ ጥሩውን ባትሪ አውጥቶ፣ የከማሉን አስገብቶ፣ በገመድ አስነሥተው ነበር የመጡት። አሁን ፒክአፑ ጠቅ አለና ዝም አለ።

"አንዴ ሞክር" አለ ቱርካ።

ጠቅ፤ ዝም።

ቱርካ ፀሐይዋን አየ። ፖሊስ እርሻው ላይ እንዲያድር እንደማይፈልግ ፊቱ ላይ ይነበባል። ኮፈኑን ራሱ ከፈተ።

"ውሃ ጠምቶታል።"

"የታሸገ ነው አሉኝ" አለ ኢሀብ።

"የታሸገ! ድሃው ሁልጊዜ አዲስ ባትሪ እንዲገዛ ደፈኑት እንጂ ባትሪ ሁሉ ባትሪ ነው። እኔ በቁረይሻ ከትራክተር ጋር ነው ያደግኩት። ትርፌ! የጆንያ መስፊያውን መርፌ እሳት ላይ አድርጊው። የተጣራ ውሃም አምጭ።"

ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሲሠራ ማየት ደስ ይላል፤ ኢሀብም እንዲያ ነበር ያየው። ቱርካ ወረቀቱን በአንድ ጥግ ገለጠ። የጋለውን መርፌ እየጫነ ስድስት ቀዳዳዎች በአንድ መስመር በሳ። ውሃውን በልክ አንቆረቆረ። ከአውድማው ዳር የማሽላ አገዳ አነሣ፤ ልጦ ነጩን ልብ እየቆረጠ፣ ከኪሱ ካወጣው ሰም ጋር እያሸ አንድ በአንድ ወተፈ። ስድስተኛውን ከመወተፉ በፊት በመርፌው ጫፍ መሀሉን ወጋው።

"ይህቺ ለምንድን ናት?" አለ ኢሀብ።

"መተንፈሻ። ባትሪም ይተነፍሳል፣ ጀናቡ፤ ካልተነፈሰ ያብጣል። አባቴ ነው ያስተማረኝ። ከዚህ እስከ ሀዋታ ዙር፤ ይህን የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው ካገኘህ ጢሜን እላጫለሁ።"

ወረቀቱን መልሶ በመዳፉ ተጫነው። ከትራክተሩ ገመድ ቀጠለ። ፒክአፑ ተነሣ።

"ተማም?" አለ ቱርካ፣ እጁን እየጠረገ።

"ተማም" አለ ኢሀብ። ሞተሩንም አጠፋው።

"ኧረ ለምን አጠፋኸው! ገና ሳይሞላ!"

"አንድ ነገር ላሳይህ።"

ወታደሩ ከኋላ ጆንያውን አወረደ። ኢሀብ ፈታው፤ የሉጥፊን ባትሪ አሁን ከተበሳው ጎን አስቀመጠው፤ የሁለቱንም ወረቀት ገለጠ። ስድስትና ስድስት። ነጭ ውታፍ ከነጭ ውታፍ። በሁለቱም ስድስተኛ ላይ፣ መሀል ለመሀል፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል መተንፈሻ።

ነፋሱ የሰሊጡን ገለባ ሲያንቀሳቅስ ይሰማል።

"ይህ ባትሪ ባለፈው ረቡዕ ገዳሪፍ ሲገባለት ቀዳዳ አልነበረውም" አለ ኢሀብ፣ ድምፁን ሳያነሣ። "ከዚያ ወዲህ መኪናዋ መቶ አሥራ ስምንት ሄዳ ተመልሳለች። ቆማ የሞተችበትም፣ ውሃ የጠጣችበትም ቦታ ይኸው ነው። አንተ ግን ሉጥፊ አልረገጣትም አልክ።"

ቱርካ የራሱን ሥራ ወረቀት በመዳፉ መልሶ ተጫነው። "ሰው ሁሉ ባትሪ ያጠጣል" አለ።

"አሁን ሁለተኛ የለም አልከኝ።"

ትርፌ ከእሳቱ ተነሣች። ወደ ጎጆዋ ገባች፤ ከመደቡ ሥር የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ይዛ ወጣች፤ ኢሀብ እግር ሥር አስቀመጠችው።

"ጋሼ ሉጥፊ አራት ቀን እዚህ ነበሩ" አለች። "ከረቡዕ እስከ እሑድ በእጄ በልተዋል። በእጄ የበላውን ሰው አልመጣም ብዬ ስምል አላድርም።"

"አንቺ ሴትዮ!" አለ ቱርካ።

"ፈርቼህ ነበር። አሁንም እፈራሃለሁ። ግን ጨርሻለሁ።"

ወታደሩ ካቴናውን ሲያስገባ ቱርካ አልታገለም። እየቆራረጠ ተናገረ። ከእርሻው የሚሰርቀውን ሰሊጥ በድንበሩ ወንዝ በኩል በስውር ሲያሻግር ቆይቷል። ሉጥፊ ጠርጥሮ ለማንም ሳይናገር መጣ፤ የመጨረሻው ጆንያ እስኪጫን አልነሣም ብሎ አውድማው ላይ ተቀመጠ። አራት ቀን በመኪናው ራዲዮ ሲሰማ፣ ስልክ ሲሞላ ባትሪው አለቀ። እሑድ ከቀትር በኋላ፣ "ከነገ ጀምሮ ወኪሌ አይደለህም" አለው። የትራክተሩ ማያያዣ ብረት ቅርብ ነበር። ሬሳውን ሊያርቅ ሲል መኪናዋ እምቢ አለችው፤ እጁ የለመደውን አደረገ። የመካኒኩን ፀብ ሰምቷል፤ ቀዩን ቁልፍ ባትሪው አጠገብ አገኘው። መኪናዋን ከከተማ አቅራቢያ አቁሞ፣ መካኒኩ እንዲጠረጠር በቁልፉ አንዱን ገመድ ፈትቶ ቁልፉን እዚያው ጣለው፤ በሰሊጥ ጫኝ መኪና ተሳፍሮ ተመለሰ።

"የረሳሁት ነገር አልነበረም" አለ ቱርካ፣ ባትሪውን እያየ።

"የረሳኸውማ የለም" አለ ኢሀብ። "የለመድከው ነው።"

*

ሐሙስ ከቀትር በፊት አንዳርጌ ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ ከግቢው ወጣ። ኮከብ በር ላይ ሰሃኗን ይዛ ነበር።

"ዛሬ ደንቡ ምን ይላል፣ ጀናቡ?" አለችው ኢሀብን።

"ቤታችሁ ብሉት ይላል።"

*

መኪናዋ ለቤተሰቡ የተመለሰችው ከወር በኋላ ነው። አንዳርጌ አዲስ ባትሪ ተሸክሞ ሄደ። ሳና ባል የሞተባት ሴት የምትጠብቀውን የሐዘን ጊዜ፣ ዒዳዋን፣ ስላልጨረሰች ከግቢ አትወጣም፤ በረንዳው ላይ ከባሕሪያ ጋር ተቀምጣ ሥራውን ተመለከተች።

"ይሽጧት ይሉኛል" አለች። "አልሸጥም። መንዳት እማራለሁ።"

"ጥሩ መኪና ናት፣ እትዬ።" አንዳርጌ ባትሪውን አጠበቀ፤ ገመዱን አገናኘ፤ ላፕቶፑን ከፈተ። "አሁን አዲሱን እመዘግባለሁ። ከዛሬ ጀምራ እንደገና ትቆጥራለች።"

"የድሮውስ?"

"አዲሱ በእሱ ቦታ ይገባል።"

"ቆይ።"

ወደ ውስጥ ገባች፤ ወረቀትና ብዕር ይዛ ወጣች።

"መጀመሪያ ያንን ቁጥር ንገረኝ።"

አንዳርጌ ከላፕቶፑ መስኮት ላይ አነበበላት። ሰማንያ አራት ሺህ ሁለት መቶ አሥር። ጻፈችው፤ ከሥሩ ቀኑን ጻፈች።

"ያን ቀን እጅህን ጨብጦህ ነበር አሉ።"

"አዎ፣ እትዬ።"

"ምን አለህ?"

"መኪናዋን አስነሥቶ ትንሽ አዳመጠ። ከዚያ፣ 'አሳየኸኝ' አለኝ።"

ሳና ወረቀቱን ሁለት ቦታ አጠፈችው፤ ከዚያም አልፈታችውም።

"በል" አለች፣ "መዝግበው።"